ከቡሬ እስከ ደጀን፦ ለቪዛ ማመልከቻ ስለሚተረጎሙ ሰነዶች ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሰነድ እተረጉማለሁ። «ቪዛው ይሰጠኛል ወይ?» ለሚለው መልስ የለኝም፤ እሱ የቆንስላው ጉዳይ ነው። ስለ ወረቀቱ ግን የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ወንድሜ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ለካናዳ የማስገባውን የልደትና የጋብቻ ማስረጃ እሱ ቢተረጉምልኝ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። የካናዳ ኢሚግሬሽን አመልካቹ ራሱም ሆነ ዘመዱ የተረጎመውን አይቀበልም። ክልከላው ወላጅን፣ ወንድምና እህትን ብቻ ሳይሆን አጎትን፣ አክስትንና የአጎት ልጅን ሁሉ ይጨምራል። የወንድምህ እንግሊዝኛ ምንም ያህል የጠራ ቢሆን ለውጥ አያመጣም። ተርጓሚው በሙያ ማኅበር የተመሰከረለት ካልሆነም የትርጉሙን ትክክለኛነት በሕጋዊ አካል ፊት በመሐላ ማረጋገጥ አለበት፤ ከተረጎመበት ሰነድ የተረጋገጠ ኮፒም አብሮ ይያያዛል።

ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ግን ወረቀቱን አንድ ጊዜ እየው። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሚሰጠው የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት እንግሊዝኛም አለበት። የባንክ ሒሳብ መግለጫም አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የሚወጣው። መተርጎም የማያስፈልገውን ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ እመልሰዋለሁ፣ የማይመልስም አለ።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ለእንግሊዝ የጉብኝት ቪዛ ያስተረጎምኩት ደብዳቤ ላይ ትልቅ ክብ ማኅተም አለበት። ይበቃል?

መልስ፦ ማኅተም ብቻውን አይበቃም። እንግሊዞች የሚፈልጉት ትርጉሙን ማን እንደሠራው አጣርተው መድረስ የሚችሉበትን ነገር ነው፦ ትርጉሙ ከዋናው ጋር ትክክል ስለመሆኑ የተርጓሚው ማረጋገጫ፣ የተተረጎመበት ቀን፣ የተርጓሚው ሙሉ ስምና ፊርማ፣ እንዲሁም አድራሻው። በየከተማው ማኅተሙ ደምቆ የተርጓሚው ስም የሌለበት ትርጉም ሞልቷል። እጅሽ ላይ ያለውን ግርጌውን እዪው፤ ስምና ስልክ ከሌለው መልሰሽ ውሰጂለት፤ ሁለተኛ ማስከፈል የለበትም።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ የተጋባነው በቁርባን ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት የክርስትና ስማችንን ይዟል፤ ፓስፖርታችን ግን በዓለም ስማችን ነው። ተርጓሚው የፓስፖርቱን ስም ቢጽፍልን አይቀልም?

መልስ፦ ይቀል ነበር፤ ግን አይደረግም። ወረቀቱ ላይ «ወለተ ማርያም» ካለ ትርጉሙም «ወለተ ማርያም» ማለት አለበት። ተርጓሚው በቅንፍ «የተርጓሚው ማስታወሻ» ብሎ ስሙ የክርስትና ስም መሆኑን ሊገልጽ ይችላል፤ ከዚያ አልፎ ስም የመለወጥ ሥልጣን የለውም።

መፍትሔው ሌላ ቦታ ነው። ጋብቻችሁን የምትኖሩበት ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዘንድ አስመዝግቡ። የቤተሰብ ሕጉ የሃይማኖትና የባህል ጋብቻን ይቀበላል፤ ምዝገባው በዓለም ስማችሁ ይሆናልና ዋናው ማስረጃችሁ እሱ ይሁን። የቤተ ክርስቲያኑን ወረቀት ደጋፊ አድርጋችሁ አያይዙት፤ ደብሩ ሁለቱም ስሞች የእናንተ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን አድርጎ ከጻፈላችሁ ደግሞ እሰየው። የጎጃም ሰው ጋብቻውን ካህኑና ሽማግሌው ካወቁለት ሌላ ወረቀት ለምን እንደሚያስፈልገው አይገባውም። የቪዛ ሹሙ ግን ሽማግሌዎቹን አያውቃቸውም።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁኑ ወይስ ይለወጡ?

መልስ፦ ሁለቱም ይጻፉ፤ የትኛው የየትኛው እንደሆነ በግልጽ ተለይቶ። በጣም የሚያናድደኝ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ዓመቱ ላይ ዝም ብሎ ስምንት የሚደምር አለ፤ ቀኑንና ወሩን ሳይነካ ዓመቱን ብቻ የሚለውጥም አለ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው ሰባት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት። ጥር 11 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ልደቱ ጃንዋሪ 19 ቀን 1993 ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 1985 ዓ.ም. ደግሞ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1993 ይሆናል፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ ቅጽ ላይ «13» ብሎ መሙላት አይቻልም። የጳጉሜን 6 ዓመት ሲያልፍ ደግሞ ቀኑ በአንድ ስለሚንሸራተት በግምት አትሥሩ። የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው፦ «ፀሐይ» በፓስፖርቱ ላይ በ«ቲ»ና በ«ኤስ» ከተጻፈች ትርጉሙ ላይ በ«ኤስ» ብቻ መጻፍ የለባትም። ለተርጓሚው ከሰነዱ ጋር የፓስፖርቱን ኮፒ ስጡት።

ጥያቄ (ከዳንግላ፣ ከአንድ አባት)፦ ልጄን ለመጠየቅ ነው የምሄደው። የመሬት ደብተሬን ላስተርጉም?

መልስ፦ ያስተርጉሙት አባቴ፤ የሚመለሱበት ነገር እንዳለዎት ያሳያል። ነገር ግን ተርጓሚው የመሬቱ ባለቤት ነዎት ብሎ እንዳይጽፍ ይንገሩት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ደብተሩ የሚመሰክረው የእርስዎን ይዞታ ነው። ስፋቱንም ደብተሩ ላይ እንዳለ ይጻፈው፤ በሄክታር ከተጻፈ ወደ ቃዳ አይለውጠው።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ የመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ላይ የተቀጠርኩበት ዓመት ተሳስቷል። ትርጉም ቤቱ «እንግሊዝኛው ላይ አስተካክዬ ልጻፍልህ» አለኝ።

መልስ፦ እንዳታደርገው። የተሳሳተውን የጻፈው መሥሪያ ቤት ነው፤ አዲስ ደብዳቤ በፊርማ፣ በማኅተምና በቲተር ይጻፍልህ፤ ከዚያ ይተርጎም። አማርኛ የሚያነብ ሠራተኛ ሁለቱን አስተያይቶ ልዩነቱን ካየ ስህተት ነው ብሎ አያልፈውም፤ ማጭበርበር ይለዋል። ካናዳ ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበን ሰው ለአምስት ዓመት ታግዳለች፤ እንግሊዝ እስከ 10 ዓመት።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ዋናውንና ትርጉሙን ለየብቻ ነው የምጭነው? በስልክ ፎቶ ባነሣውስ?

መልስ፦ በአንድ ፋይል አድርጊያቸው፤ መጀመሪያ ዋናው፣ ቀጥሎ ትርጉሙ። ለአሜሪካ የስደተኛ (ኢሚግራንት) ቪዛ፣ ማለትም ለቋሚ ኑሮ ለሚሰጠው፣ ይህ ግዴታ ነው፤ ተርጓሚው ለመተርጎም ብቃት እንዳለው የሚገልጽ የተፈረመ ቃልም ይፈልጋሉ። የስልክ ፎቶ ጥላና የተቆረጠ ጠርዝ ስለሚኖረው ስካነር ያለው ጽሕፈት ቤት ብትሄጂ ይሻላል። ማኅተም ወረቀቱ ጀርባ ላይ ካለ ጀርባውም ስካን ይደረግ። ካናዳ ለአንድ ፋይል ከ4 ሜጋባይት በላይ አትቀበልም። ፋይሉ ላይ የይለፍ ቃል አታድርጊበት፤ ኔትወርኩ ደህና በሆነበት ሰዓት ጭነሽ ማረጋገጫውን አስቀምጪ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም የግድ ነው?

መልስ፦ ለእንግሊዝ ጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም። የሚጠይቅ አገር ስላለ የምታመለክትበትን አገር የሰነድ ዝርዝር አንብበህ ካገኘኸው ብቻ አዲስ አበባ ውረድ።