«አይቀመጥም፣ አይጽፍም» ለተባለባት እናት

እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ልጅሽ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባ። መምህሯ በየቀኑ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ «አይቀመጥም፣ አይጽፍም» እያለች ትልክብሻለች። እህቱ በሱ ዕድሜ ቁጭ ብላ ትጽፍ ነበር። «ወንድ ስለሆነ ነው ወይስ ችግር አለበት?» ነው ያልሽው።

አዲስ አበባ ውስጥ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው። ስጀምር እኔም እንደዚያች መምህር ነበርኩ። የክፍል አለቃዋ ሰሌዳው ጥግ ላይ የረባሽ ስም ትጽፋለች። አለቃዋ ሁሌ ሴት፣ ረባሾቹ ሁሌ ወንዶች። ነገሩ አንድም ቀን አልገረመኝም ነበር።

ስሙ ከሰሌዳ የማይጠፋ አንድ ልጅ ነበረኝ። ሀ ሁ ሂን በዜማ ሲሉ ከሁሉም በላይ ይጮኻል። «መ» ላይ ጣቴን ሳሳርፍለት ግን ጭጭ። ከ«ሀ» ተነስቶ በከንፈሩ እያንሾካሾከ ካልደረሰበት አያውቀውም። እርሳሱን በጡጫው ጨብጦ ወረቀቱ እስኪበሳ ይጫነዋል። ሁለት መስመር ጽፎ እጁን ያራግፍና ዴስኩ ሥር ይገባል። ስንፍና መሰለኝና እረፍት ከለከልኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን ክፍለ ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍነው እኔና እሱ ነን የምናውቀው። አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ቀን የልደት ቀናቸውን ስመዘግብ ነው ነገሩ የገባኝ። ከክፍሉ ትንሹ እሱ ነው! አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ በዓመት ከምናምን ይበልጠዋል። በመንግሥት አሠራር አንደኛ ክፍል መግቢያው 7 ዓመት ነው። እኛ ግን በ3 ዓመታቸው ነርሰሪ እንከታቸውና በ6 እዚያ ይደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳ ውስጥ የወጣ ጥናት አለ። የክፍሉ ታናናሾች የሆኑት በዲሴምበር የተወለዱ ወንዶች፣ በጃንዋሪ ከተወለዱት ይልቅ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና ያለ ልክ የመቅበጥበጥ ችግር) አለባቸው የመባል ዕድላቸው በ30 በመቶ ይበልጥ ነበር። ልጅነታቸው እንደ ሕመም እየታየባቸው ማለት ነው።

እኔ ያደረግኩት ቀላል ነው። ጠመኔና ደብተር አዳይ አደረግኩት፤ በየሩብ ሰዓቱ የሚነሳበት ምክንያት አገኘ። መደመርን በቆርኪ አስቆጠርኩት። ፊደሎቹን በካርቶን ጽፌ ግድግዳው ላይ በተንተን አድርጌ ለጠፍኩና «ሂድ ‹መ›ን አምጣልኝ» እለው ጀመር። (52 ልጅ ባለበት ክፍል ይኼን ሁሌ ማድረግ አይቻልም፤ መምህሯ ላይ አትፍረጂባት።) ለጣቱ ጥንካሬ ጭቃ ያቦካ ነበር፤ እናቱ ልብሱን እያጠበች ስትረግመኝ ከርማለች። ሚያዝያ ላይ ማንበብ ጀመረ። እጅ ጽሑፉ ግን እስከ ሦስተኛ ክፍል የዶሮ ጭረት ነበር።

አንቺ ቤት ውስጥ ፊደሉን ከተራው አውጥተሽ ጠይቂው። ከትምህርት ቤት እንደመጣ ደብተር አታስይዥው፤ መክሰሱን ይብላ፣ ኳሱን ይጫወት። እህቱን እያነሳሽ አታወዳድሪው። ዓይኑንና ጆሮውን ደግሞ አስመርምሪ፤ ሰሌዳው ስለማይታያቸው ብቻ የሚረብሹ ልጆች ገጥመውኛል። ስትጠሪው የማይሰማሽ ከሆነ ወይም እቤትም የሚወደው ጨዋታ ላይ እንኳ አንድ አፍታ የማይቆይ ከሆነ ሐኪም ይየው። «ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፣ ያድግና ይተወዋል» ብለሽ ግን እንዳትዘጊው። እኔ ዘንድ ዝም ብላ ስለምትቀመጥ ብቻ ጎበዝ መስላኝ፣ እስከ ግንቦት አንዲት ቃል ማንበብ እንደማትችል ያላወቅኩላት ሴት ልጅም ነበረች።

መምህሯን ስታገኚያት የት እንደሚቀመጥም ጠይቂያት። የኔው ልጅ ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር ነበር። በመስኮቱ የሌላ ክፍል ልጆች ስፖርት ሲሠሩ ይታያሉ።