የተሳቢው አንጸባራቂ ለምን ጨለመ?

ከቡሬ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ በቆሎ የምታመላልስበት ተሳቢ ኋላው ላይ ካሉት ሁለት ቀይ ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂዎች የቀኙ ማታ እንደ ፍም ይበራል፤ የግራው ግን ብየዳ ቤት ወልቆ ከተመለሰ ወዲህ ቀን ቀይ፣ ማታ ጥቁር ሆኗል። የጀርባ ክዳኑ ተሰብሮ ስለነበር በያጁ ኮላ ቀብቶ ለጠፈው ብለሃል። ጥፋተኛው ያ ኮላ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ይህ ተሳቢ እስኪስተካከል ድረስ ከመሸ በኋላ አስፋልት አይርገጥ።

አንጸባራቂ ቀለም አይደለም። የጀርባውን ፕላስቲክ በጣትህ ብትዳስሰው የማር እንጀራ ይመስላል። እያንዳንዷ ጉድጓድ ሦስት ግድግዳ አላት፤ ሁለት ግድግዳና ወለል እንደሚገናኙበት የቤት ጥግ። ወደ ጥግ የወረወርከው ኳስ ነጥሮ ወደ አንተው እንደሚመለስ፣ የመኪናው መብራትም ዞሮ ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመለሳል። ብርሃኑ የሚነጥረው ግን ከግድግዳው ኋላ አየር ስላለ ብቻ ነው። ኮላ፣ ውሃ ወይም ግሪስ ግድግዳውን ከነካው ብርሃኑ ሾልኮ ያልፍና ብረቱ ላይ ይቀራል። ፊቱን ቀኑን ሙሉ ብትወለውለው ለውጥ የለውም።

ኮላውን ለማስለቀቅ አትድከም፤ በቤንዚን ከሞከርክ ደግሞ ፕላስቲኩ ይሰነጣጠቃል። አዲስ ግዛ። ገበያው ጀርባው ልሙጥ በሆነ፣ መረብ በተሣለበት ቀይ ፕላስቲክ ተሞልቷል፤ ሰው የሚያስገድል ዕቃ ነው! ጀርባው በክዳን የታሸገውን፣ ፊቱ ላይ በክብ ውስጥ የላቲን «ኢ» (E) ፊደልና ቁጥር የታተመበትን ምረጥ። ጎኑ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ሹሉ ወደ ላይ ይዙር። በራሱ ቀዳዳ በብሎን እሰረው እንጂ መሐሉን አትብሳው፤ ውሃ ይገባል።

የግራው መጥፋቱ በተለይ ያስፈራኛል። ከኋላ የሚመጣ ሾፌር የቀኙን ብቻ ካየ ጠባብ ነገር መስሎት በግራ ሊቀድም ሲወጣ የተሳቢህ ጠርዝ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሁለቱንም በእኩል ከፍታ፣ እስከ ዳር ጠጋ አድርገህ እሰር። የተንጠለጠለ አገዳም እንዳይሸፍናቸው።

ማታ 30 እርምጃ ርቀህ የእጅ ባትሪውን ጆሮህ ሥር ይዘህ አብራ። ሌላ ሰው አብርቶልህ አንተ ከጎን ከቆምክ ደህናውም የጨለመ ይመስልሃል። ሁለቱ እኩል እስኪበሩ ድረስ፣ ደግሜ እልሃለሁ፣ ከመሸ አስፋልት ላይ አትውጣ።