ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የሲስተሙ? ስለ ከሰል፣ ስለ ምጣድና ስለ አየር ንብረት የጠየቃችሁኝ

በምድጃና በቤት ማገዶ ሥራ ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ። «ስለ አየር ንብረት ለውጥ ያሻችሁን ጠይቁኝ» ብል ጥያቄው ጎረፈ። አብዛኛው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ ሰው ኑሮውን ይቀይር ወይስ መንግሥትና ኩባንያ ይቀየር? የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ ከሰል ባቀጣጠልኩ ቁጥር አገር እያራቆትኩ ይመስለኛል። ጥፋተኛ ነኝ?

የለም እህቴ። ከሰል ደን እንደሚጨርስ እውነት ነው፤ ጭሱም አንቺንና ልጆችሽን ይጎዳል። ግን እስቲ አማራጭሽን እንየው። እኔ የምኖርበት ግቢ ውስጥ አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ይጠቀም ነበር። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3 ሺህ ዋት ገደማ ይስባል። በዚያ ኃይል 9 ዋት የሆነ አምፖል ከ300 በላይ ማብራት ይቻላል። ሁለት ሰው እኩል ከጣደ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ግቢው ይጨልማል፣ ጭቅጭቅ ይነሳል። ስለዚህ አከራያችን «ምጣድ ክልክል ነው» አሉ። ጎረቤቴ ምጣዷን አልጋ ሥር ከታ በእንጨት መጋገር ጀመረች። እሷን «ለምን ደን ታስጨፈጭፊያለሽ» ማለት ይቻላል? ምጣዱ አላት፣ ፍላጎቱም አላት፣ የሌላት የራሷ ቆጣሪ ነው።

ይሄ ደግሞ መስመር የገባበት ከተማ ነው። ከአገሩ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ጭራሽ መብራት አላገኘም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የካርቦን አሻራዬን፣ ማለትም በእኔ ኑሮ ምክንያት ወደ አየር የሚለቀቀውን ጋዝ፣ በካልኩሌተር ሳሰላ ደነገጥኩ። ይሄ ነገር የምር ነው?

ቁጥሩ የምር ነው። አንድ አሜሪካዊ በአማካይ በዓመት 14 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ኢትዮጵያ ያለው ሰው 1 ቶን ቀርቶ ሩቡንም አይሞላም (ከነዳጅና ከሲሚንቶ የሚወጣውን ብቻ ነው የቆጠርኩት)። አንተ ለገና አዲስ አበባ ደርሰህ ስትመለስ የበረራው ድርሻህ ብቻ ከ1 ቶን አያንስም። ዘመድ መጠየቅህን ተው አልልህም፣ እናትህ ትጣላኛለች።

ግን አንድ ነገር እወቅ። ይሄን «አሻራህን ለካ» የሚባለውን ነገር ለሰፊው ሕዝብ ካስተዋወቁት አንዱ ቢፒ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ካልኩሌተር አውጥቶ። ነዳጅ ሻጩ «አንተስ ስንት አቃጠልክ?» ብሎ ሲጠይቅህ ትንሽ አያስቅም? መለኪያው ውሸት አይደለም። ዓይንህን ወደ ራስህ ኪስ ብቻ ማዞሩ ነው ችግሩ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው ትንሽ ትንሽ ቢቀንስ አይበቃም? ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ተረቱን እወደዋለሁ፣ ግን ሞክረነዋል። በኮሮና ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ አውሮፕላን ቆመ፣ መኪና ቆመ፣ ሰው ቤቱ ተቀመጠ። የዓለም የካርቦን ልቀት የቀነሰው 5 በመቶ ገደማ ነው። በዓመቱ ተመልሶ ወጣ። ለምን ቢባል የድንጋይ ከሰል ማመንጫው፣ የብረትና የሲሚንቶ ፋብሪካው እኛ ቤት ስለተቀመጥን አልተቀየረም።

በተቃራኒው የቤንዚኑን እርሳስ አስበው። ድሮ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር፣ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ። ማደያ ገብተህ «እርሳስ የሌለበት ስጠኝ» ብለህ ታውቃለህ? አገሮች አንድ በአንድ ከለከሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የመጨረሻዋ አልጄሪያ ተወችው፣ አለቀ። አንተ ምንም ሳታውቅ አሻራህ ተቀየረ።

ጥያቄ፦ ከብት እርባታም ለአየር ንብረቱ ጥሩ አይደለም ይባላል። ሥጋ ልተው?

ጿሚ ከሆንክ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ትተሃል። ቀጥል።

ጥያቄ፦ እኛ ምን አገባን? ያበላሹት ቻይናና አሜሪካ፣ የሚያስተካክሉትም እነሱ።

ግማሹ ልክ ነህ። እዳው የእነሱ ነው፣ ድርቁ ግን ቦረና ይመጣል። ስለዚህ ዝም ብሎ መቀመጥ አያዋጣንም፤ ከፋዩን መጠየቅ አለብን። እ.ኤ.አ. በ2022 ግብፅ፣ ሻርም ኤል ሼክ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ሀብታሞቹ አገሮች «ለጉዳትና ኪሳራ» (የአየር ንብረት ለውጥ ላደረሰው ጥፋት) ፈንድ እንዲቋቋም የተስማሙት፣ ተጎጂዎቹ አገሮች ዓመታት ወጥረው ስለያዟቸው ነው። አንድም ሰው ፌስታል ስለቀነሰ አይደለም።

ጥያቄ፦ በየክረምቱ ችግኝ እተክላለሁ። ይሄስ?

ትከል። ግን የተከልከውን በመጋቢት ሄደህ እየው። ቆጠራው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ?

ገንዘብ ካለህ ግዛ፣ መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ስለሚመነጭ እዚህ አገር ያዋጣል። ግን ታዘብ፦ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና የሞላው ነዋሪው በአንድ ሌሊት ለአየር ንብረት አሳቢ ስለሆነ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ፣ እሱም በዋናነት በውጭ ምንዛሪ ችግር ነው። ደግሞም አብዛኛው የከተማው ሰው መኪና ሳይሆን የታክሲ ሰልፍ ነው ያለው። ለሱ የሚያስፈልገው አውቶቡስ ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ታዲያ እኔ ብቻዬን የማደርገው ነገር የለም ማለት ነው?

አላልኩም። ገጠር ያለች እናትህን በሲሚንቶ የሚሠራውን «ምርጥ» ምድጃ ግዛላት። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራ ማገዶዋን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ እንጨት ግን ይቆጥባል።

ከዚያ ደግሞ ብቻህን አትሁን። የግድቡን ቦንድ አስታውስ፣ ብዙ ሰው ከደመወዙ ቆርሶ ነው የገዛው። በጳጉሜን 2017 ተመረቀ፣ 5,150 ሜጋዋት። ያ ኃይል ግን ቆጣሪ እስኪኖርህ ድረስ ምጣድህ ላይ አይደርስም። እኛ ግቢ አራታችንም አከራዩን ይዘን ሄደን አንድ ላይ አመለከትን። ከብዙ መመላለስ በኋላ ለሁለታችን ቆጣሪ ገባ። ጎረቤቴ ምጣዷን ከአልጋ ሥር አወጣች። የቀሩት ሁለቱ ዛሬም ወረፋ ላይ ናቸው።

ጥያቄ፦ አንተ ራስህስ ከሰል ትተሃል?

ለወጥና ለእንጀራ አዎ። ቡናው ላይ ተሸንፌአለሁ። እናቴ በኤሌክትሪክ የፈላ ቡና ስሰጣት ፉት ብላ ስኒውን አስቀምጣ «ውሃውን ጠጣሁ፣ ቡናው መቼ ነው?» አለች።