የአንባቢያን ጥያቄ፦ ጥቁር ነጥብ፣ ውስጥ እግርና ጥፍር

ጥያቄ፦ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምኖር የ38 ዓመት ሴት ነኝ። እናቴ «ማርያም የሳመችሽ» የምትላቸው ሠላሳ ያህል ጥቁር ነጥቦች ሰውነቴ ላይ አሉ። በቅርቡ ሐኪሜ ከጀርባዬ አንዱን ቆርጦ ላቦራቶሪ ላከው። ውጤቱ «ቀላል ደረጃ ዲስፕላስቲክ ኒቨስ፣ ጠርዙ ንጹሕ» ይላል። በየዓመቱ እንድታይ ነግሮኛል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ባለቤቴ ደግሞ «ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም፣ ተይው» ይለኛል። የቀሩትንም ላስወጣቸው?

መልስ፦ አያስወጧቸው። የተቆረጠው ነጥብ ካንሰር አይደለም። ዲስፕላስቲክ የተባለው ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መልካቸውና አደራደራቸው ከተለመደው ነጥብ ትንሽ ወጣ ስላለ ነው። ደረጃው ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ተብሎ ይከፈላል። እንደርስዎ ቀላል ሆኖ ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ፣ ማለትም በተቆረጠው ዳር ላይ ወጣ ያለ ሴል ካልታየ፣ ሌላ ቀዶ ጥገና አያስፈልግም። ከባዱን ከሜላኖማ፣ ማለትም የቆዳን ቀለም ከሚሠሩት ሴሎች ከሚነሣው አደገኛ የቆዳ ካንሰር፣ መለየት ስለሚያስቸግር እንደገና ሰፋ አድርጎ መቁረጥ የተለመደ ነው። በመካከለኛው ላይ ሐኪሞች እንደ ሁኔታው ይወስናሉ።

ነጥቦቹን ሁሉ ማስወጣት የማይጠቅምበት ምክንያት አለው። አንድ ነጥብ ወደ ሜላኖማ የመቀየር ዕድሉ እጅግ ትንሽ ነው፤ አብዛኛው ሜላኖማ የሚነሣውም ነጥብ ካልነበረበት ቆዳ ነው። ሠላሳውንም ቢያስወጡ ሠላሳ ጠባሳ ያተርፋሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ጠባሳ አብጦ ኬሎይድ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ወጣ ያለ መልክ ያላቸው ነጥቦች ትርጉም የሚኖራቸው ሲበዙ ነው። በነጭ ሕዝቦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች 5 እና ከዚያ በላይ እንዲህ ያሉ ነጥቦች ያሉት ሰው የሜላኖማ ስጋቱ ምንም ከሌለው ሰው ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። እናት፣ አባት፣ እህት ወይም ወንድም ሜላኖማ ይዟቸው ከነበረ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ከአንዱ ምርመራ እስከ ሌላው ያለውን ጊዜ ያሳጥረዋል።

ባለቤትዎ የሚሉት ግማሹ እውነት ነው። በአሜሪካ ሜላኖማ ከጥቁሮች ይልቅ በነጮች ላይ ከ20 እጥፍ በላይ ይበዛል። ጥቁር ሰው ላይ ሲወጣ ግን ብዙ ጊዜ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፦ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር፣ አንዳንዴም አፍ ውስጥ። «እኛን አይዘንም» ስለሚባልና ቦታውን የሚያየው ስለሌለ ዘግይቶ ይገኛል። ጀርባዎን እያዩ እንቅልፍ ከሚያጡ በወር አንድ ቀን ውስጥ እግርዎን ይመልከቱ።

የቤት ክትትሉ ይህን ይመስላል። በወር አንድ ጊዜ፣ ገላዎን ከታጠቡ በኋላ፣ በሙሉ መስታወት ፊት ይቁሙ፤ ለጀርባ የእጅ መስታወት ይጨምሩ ወይም ባለቤትዎ ይዩልዎ። ሹሩባ ሲፈቱ የራስ ቅልዎ እንዲታይ ያድርጉ። በእግር ጣቶች መካከል ይክፈቱና ይዩ። ነጥቦቹ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላሉ፤ እርስዎ የሚፈልጉት ከወንድሞቹ የተለየውን ነው። ግማሹ ከግማሹ የማይመሳሰል፣ ጠርዙ የተሸራረፈ፣ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ግራጫና ቀይ የተቀላቀለበት፣ ከ6 ሚሊ ሜትር የሰፋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እየተለወጠ ያለ ነጥብ ለሐኪም ይታይ። በእርግዝና ጊዜ ሆድና ጡት ላይ ያሉ ነጥቦች ቆዳው ስለሚለጠጥ ሊሰፉ ይችላሉ፤ ቀለማቸው ወይም ጠርዛቸው ከተለወጠ ግን «እርግዝናው ነው» ብለው አይለፉት።

ፎቶ ይረዳል፤ አነሣሡ ከተበላሸ ግን ያሳስታል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ፎቶ ያንሡ፦ አንዱን ከግማሽ ሜትር ርቀት፣ እምብርት ወይም ክርን የመሰለ መለያ እንዲገባበት፤ ሁለተኛውን ቀረብ ብለው፣ የሚሊ ሜትር ማስመሪያ ከነጥቡ ጎን ቆዳው ላይ አስደግፈው። ስልኩ ከቆዳው ጋር ትይዩ ይሁን፤ ካዘነበለ ክቡ ሞላላ ይሆናል። የመስኮት ብርሃን ይጠቀሙ፣ ፍላሹን ያጥፉ፤ ፍላሽ ጥቁሩን ቡናማ ያስመስለዋል። ፊትን የሚያሳምረውን የካሜራ ማጣሪያም ያጥፉ፤ ጠርዙን ያደበዝዛል። አዲሱን ፎቶ ካለፈው ወር ጋር ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ጋርም ያስተያዩ። አዝጋሚ ለውጥ ከወር ወር አይታይም፣ ከዓመት በፊት ካለው ጋር ሲቀመጥ ግን ቁልጭ ይላል።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው የምጽፍላችሁ። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ተረከዛቸው ላይ ጥቁር ምልክት ከታየ ሁለት ዓመት ገደማ ይሆናል። እሾህ ወግቷቸው የቀረ መስሎን ነበር። አሁን ሰፍቶ መሃሉ ቆስሏል፤ ሲራመዱ ይደማል። ጤና ጣቢያ ቅባትና አንቲባዮቲክ ሰጥቷቸው ነበር፣ አልዳነም። አንድ ሰው «ልተኩስላቸው» ብሏል። ዘመዶቻችን ደግሞ «ብረት ከነካው ይዛመታል» እያሉ ሆስፒታል እንዳንወስዳቸው ያስፈሩናል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህታችን፣ በዚህ ሳምንት ውስጥ ይውሰዷቸው። ማንም እንዳይተኩሰው፤ በምላጭ እንዳይፋቅ፣ በክር እንዳይታሰር፣ አሲድ እንዳይነካው። መተኮስ የላዩን ያቃጥልና ሥሩን ይተወዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጠባሳ ሐኪሙንም ምርመራውንም ያሳስታል። «ብረት ከነካው ይዛመታል» የሚለው ብዙ ሰው ያዘገየ ፍርሃት ነው። ናሙና መውሰድ ሜላኖማን አያዛምተውም። የሚዛመተው ሳይነካ ሲቀመጥ ነው።

የአባትዎ ቁስል የግድ ካንሰር ነው ማለታችን አይደለም። ኪንታሮት፣ የደነደነ ቆዳ ሥር የቋጠረ ደም፣ የስኳር ሕመም ቁስልም ይህን ሊመስሉ ይችላሉ። ግን ውስጥ እግር ላይ ያለ ምልክት ከቆዳው ቀለም የተለየ ከሆነ፣ ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት ካልታወቀ፣ ከደማ፣ ከሰፋ፣ ወይም ቁስሉ በሁለት ወር ካልዳነ ናሙና ሊወሰድለት ይገባል። ከእነዚህ ሁለቱ መገኘታቸው በቂ ነው፤ አባትዎ ጋ አምስቱም አሉ። ጥቁር ያልሆነ፣ ሥጋ የሚመስል ቀይ እብጠት ሆኖ የሚወጣ ሜላኖማም አለ፤ ስለዚህ «አልጠቆረም» ተብሎ የሚታለፍ ቁስልም መመርመር አለበት።

በአቅራቢያችሁ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የቆዳ ሕክምና የሚሰጥ ነው። አዲስ አበባ መሄድ ካስፈለገ አለርት ሆስፒታል አለ። ካርድ ሲያወጡ «የእግር ቁስል» ብቻ አይበሉ፤ «ሁለት ዓመት የቆየ፣ እየሰፋ የሄደ፣ የሚደማ ጥቁር ምልክት» ይበሉ። ተራ ቁስል ተብሎ ፋሻ ክፍል እንዳይቀር የሚያደርገው ይህ አነጋገር ነው። ከዚህ በፊት የወሰዱትን መድኃኒት ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ። የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩ።

ሐኪሙ ደርማቶስኮፕ በሚባል አጉሊ መሣሪያ ሊያየው ይችላል። ውስጥ እግር እንደ ጣት አሻራ ሸንተረርና ሸለቆ አለው። ቀለሙ ሸለቆውን ተከትሎ ከሄደ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነጥብ ነው፤ ሸንተረሩ ላይ ከተኛ ግን ያሳስባል። ከዚያ ጉልበት ኋላና ብሽሽት ላይ ንፍፊት መኖሩን በእጁ ይፈትሻል። ሳይፈትሽ ካለፈ እንዲያይ ይጠይቁት።

ምልክቱ ትንሽ ከሆነ በማደንዘዣ መርፌ ሙሉ በሙሉ፣ ዙሪያውን ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ፣ እስከ ሥር ስቡ ድረስ ይወጣል። ተረከዝ ላይ ሰፊ ከሆነ ግን ቁራጭ ይወሰዳል፤ ሲወሰድም በጣም ከጠቆረው ወይም ካበጠው ክፍል መሆን አለበት። ከቁስሉ መሃል ብቻ የተወሰደ ናሙና የሞተ ሥጋ ሊሆንና «ካንሰር አልታየም» ሊያስብል ይችላል። ውጤቱ ንጹሕ ተብሎ ቁስሉ ግን ካልዳነ ናሙናው እንዲደገም ይጠይቁ።

በብዙ ሆስፒታል ናሙናውን ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ፣ የሚያደርሰው ቤተሰብ ነውና ይህን ያስተውሉ። ናሙናው የሚቀመጠው እንዳይበሰብስ በሚያደርገው በ10 በመቶ ፎርማሊን ነው፤ የፈሳሹ መጠን ከናሙናው አሥር እጥፍ ገደማ ይሁን። ውሃ ወይም ግሉኮስ ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል። የአባትዎ ሙሉ ስም፣ ቀኑና «የግራ ተረከዝ» ወይም «የቀኝ ተረከዝ» የሚለው ጽሑፍ ዕቃው አካል ላይ ይለጠፍ፤ ክዳኑ ላይ የተጻፈ ክዳን ሲቀያየር ይጠፋል። የመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ «ሜላኖማ ይጠረጠራል» ተብሎ ይጻፍ። የተቆረጠ ነገር ሳይመረመር እንዳይጣል።

ውጤቱ ሜላኖማ ካለ ወረቀቱ ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፈውን ጥልቀት ይፈልጉ፤ ብሬስሎ ይባላል። ቀጣዩን ሕክምና በዋናነት የሚወስነው እሱ ነው። ከ1 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ከሆነ ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ፣ ከ2 በላይ ከሆነ 2 ሴንቲ ሜትር ጨምሮ ይቆረጣል፤ በመካከል ያለው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ቁስለት መኖሩና ጠርዙ ንጹሕ መሆኑም ሊጻፍ ይገባል። ጥልቀቱ ያልተጻፈበት ውጤት ጎዶሎ ስለሆነ ፓቶሎጂስቱ እንዲያሟላው ይመለሱ። የተረከዝ ስፌት ቶሎ አይያዝም፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ አባትዎ ተረከዙን እንዳይረግጡ ክራንች ያዘጋጁላቸው። የወጪና የጉዞ ነገር እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ግን ከሁሉም ቀጠሮ የማይታለፈው የናሙናው ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ እሠራለሁ፣ 29 ዓመቴ ነው። የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ጥፍር ላይ ቁመቱን ሙሉ የሄደ ጥቁር መስመር አለ። ኳስ እጫወታለሁ፤ ተረግጬ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ መለየት ደግሞ ቀላል ነው። ከጥፍሩ ሥር ጠቆር ያለው የሚያበቃበትን ቦታ በሞረድ በስሱ ጭረው ምልክት ያድርጉ። የእግር ጥፍር በወር 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። የተረገጠ ደም ከሆነ ከጭረቱ ጋር አብሮ ወደፊት ይሄዳል፤ በሁለት ወር ውስጥ ከሥሩ ንጹሕ ጥፍር ይወጣል። መስመሩ ከሥሩ ሳይለቅ እዚያው ከቀጠለ ደም አይደለም።

በጥቁር ሰው ብዙ ጥፍሮች ላይ የሚታዩ ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች የተለመዱ ናቸው፤ ዕድሜ ሲገፋም ይበዛሉ። የሚያሳስበው አንድ ጥፍር ላይ ብቻ፣ በተለይ አውራ ጣት ላይ፣ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሰፋ፣ ከሥሩ ሰፍቶ ወደ ጫፉ የጠበበ ወይም ጥፍሩን የሰነጠቀ መስመር ነው። ጥቁረቱ ከጥፍሩ ወጥቶ ዙሪያው ያለውን ቆዳ ከነካ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ። እንሶስላ ወይም ሒና የሚጠቀሙ አንባቢዎች ቀለሙ ይህን ምልክት ስለሚሸፍን ከመቀባታቸው በፊት ይመልከቱ።

የጥፍር ቁራጭ መርምሮ «ፈንገስ ነው» ማለት ብቻውን አያረካም፤ ናሙናው መወሰድ ያለበት ቀለሙ ከሚመነጭበት ከጥፍሩ ሥር ነው። ቦብ ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ1977 በእግር አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር የተገኘበት ይኸው ዓይነት ሜላኖማ ነበር፤ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ።

ጥያቄ፦ ጉንጬ ላይ እንደ እናቴ ትናንሽ ጥቁር ጉብታዎች እየበዙ ነው። የውበት ሳሎን አቃጥለን እናነሣዋለን ይላሉ። (ከአዳማ)

መልስ፦ በቤተሰብ የሚሄድ፣ በጥቁር ቆዳ ላይ እጅግ የተለመደ ጉዳት የሌለው ነገር ነው፤ ካንሰር አይሆንም። ለመልክ ማስነሣት ከፈለጉ የቆዳ ሐኪም አንድ ሁለቱን ብቻ አንሥቶ ቦታው እንዴት እንደዳነ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጠብቅ። በናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ነጭ ነጥብ ሊተው ይችላል፤ በሳሎን የሚቀባው አሲድ ደግሞ ጠባሳ ይተዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ አልቢኖ ነው፣ 6 ዓመቱ። ስለ ሜላኖማ ሳነብ ፈራሁ። ሰንስክሪን ይበቃዋል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ለልጅዎ ከሜላኖማ ይልቅ የሚያሰጋው ፀሐይ ቶሎ ቶሎ ባቃጠለው ቆዳ ላይ የሚወጣው ስኳመስ ሴል የተባለው ካንሰር ነው። ሰንስክሪን ብቻውን አይበቃም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ደመናም አያስቆመውም። ዋናው መከላከያ ልብስ ነው፦ ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪ፣ ዙሪያውን ቢያንስ 7.5 ሴንቲ ሜትር ክፈፍ ያለው ባርኔጣ። ኬፕ ጆሮና ማጅራትን አይሸፍንም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ እንዲቆይ ለመምህሩ ይንገሩ፤ ሰልፍና ስፖርትም በዚያው ሰዓት እንዳይወድቅበት ይነጋገሩ።

ሰንስክሪኑ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የጥበቃ ቁጥር (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ከቤት ከመውጣቱ 20 ደቂቃ በፊት ልብስ ያልሸፈነው ሁሉ ይቀባ፤ ከንፈርና የጆሮ ጀርባ ይረሳሉ። በየሁለት ሰዓቱ ይደገም። ሰዎች የሚሳሳቱት በመጠኑ ነው፤ በስሱ ከተቀባ ጥበቃው ከማሸጊያው ቁጥር በጣም ያንሳል። በየስድስት ወሩ የቆዳ ሐኪም ይየው። በመካከል ከንፈሩ፣ ጆሮው፣ ማጅራቱ ወይም የእጁ ጀርባ ላይ የሚቀረፍ ወይም የሚደማ ቁስል ወጥቶ በአንድ ወር ካልዳነ፣ ሮዝም ይሁን ቀለም የሌለው፣ ቀጠሮው እስኪደርስ አይጠብቁ።