የምክር ቤት አባልና የጥቅም ግጭት፦ ጥያቄና መልስ

በምሥራቅ ጎጃም በአንድ የወረዳ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ለ14 ዓመታት ቃለ ጉባኤ ስይዝ ኖሬአለሁ። ስለ ቀበሌና ስለ ወረዳ ምክር ቤት አባላት የጥቅም ግጭት፣ ማለትም አባሉ የሚወስንበት ጉዳይ ለራሱ ወይም ለቅርብ ሰዉ ጥቅም ሲያስገኝ ስለሚሆነው፣ ለምትጠይቁኝ የማውቀውን እመልሳለሁ። አጀንዳውንና ጥቅሙን ለይታችሁ ጠይቁኝ።

ከቡሬ፦ መምህር፣ አባሉ ጥቅም ያለበት ጉዳይ ሲቀርብ ድምፀ ተዓቅቦ ቢያደርግ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ድምፅ የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ የሰው ሐሳብ ግን የሚያዘነብለው ከዚያ በፊት በሚደረገው ውይይት ነው። ተሰሚነት ያለው ሰው ሲከራከር አርፍዶ በመጨረሻ የራሱን እጅ ባያወጣ፣ ጎረቤቶቹ ዐይን ዐይኑን እያዩ የእነሱን አውጥተዋል። ስለዚህ አጀንዳው ከመጽደቁ በፊት ተነሥቶ ጥቅም እንዳለው ያስታውቅ፣ ጥቅሙም ምን እንደሆነ ይናገር፣ ከዚያም ከአዳራሹ ይውጣ፤ የወጣበትና የተመለሰበት ሰዓት በቃለ ጉባኤው ይጻፍ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በእጄ ስላለፈ ነው። አንድ ጊዜ ከወል ግጦሽ ላይ ተቆርሶ ለወጣቶች ማኅበር የባሕር ዛፍ መትከያ እንዲሰጥ ጉዳይ ቀረበ፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር የአንደኛው አባል ልጅ ነበር። አባትየው ጋቢውን ተከናንቦ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተቀምጦ ዋለ፤ እኔም «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከብት ያላቸው አባወራዎች አቤት ብለው ቃለ ጉባኤው ሲመረመር፣ ሰውየው ድምፅ ይስጥ፣ ዝም ይበል፣ ይውጣ፣ ከጽሑፉ መለየት አልተቻለም። ንጹሕ ቢሆን እንኳ የሚመሰክርለት አንድ መስመር አልነበረም፤ ያን መስመር ሳልጽፍ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ከሞጣ፦ ሕጉስ ምን ይላል?

መልስ፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይደነግጋል። ሥልጣንን ለራስ ወይም ለሌላ ጥቅም ማዋል ደግሞ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ያስጠይቃል። ሆኖም ልብ ይበሉ፤ የፌዴራሉ የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ቤተሰብ የሚለው የትዳር ጓደኛንና ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ነው። በእኛ አገር ጥቅም የሚሻገረው በአበልጅ፣ በጽዋ ማኅበርተኛና በእርሻ ተጋሪም በኩል ስለሆነ፣ ሕጉ የጠቀሰውን ብቻ አስታውቆ መቀመጥ አያዋጣም።

ከደምበጫ፦ በእኛ ቀበሌ ሁሉም ዘመድ ነው። ሁሉም ከወጣ ማን ሊወስን ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ያን ያህል አይኬድም። የሚጠየቀው ውሳኔው ሲጸድቅ አባሉ ወይም የቅርብ ሰው የሚለው ዘመዱ ከሌላው ነዋሪ የተለየ ነገር ያገኛል ወይ ተብሎ ነው። ለመንደሩ ሁሉ የሚቆፈር የውኃ ጉድጓድ ማንንም አያስወጣም። ጉድጓዱ በአባሉ ወንድም ማሳ ጠርዝ ላይ እንዲቆፈር ሐሳብ ከቀረበ ግን ቦታው በሚመረጥበት ጊዜ አባሉ ይወጣል። ከወጡት የተነሣ ምልዓተ ጉባኤው ከጎደለ ጉዳዩ ለሌላ ቀን ይተላለፍ፤ ለማሟላት ሲባል ባለ ጥቅሙን መልሶ ማስቀመጥ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው።

ከደጀን፦ ይህ ሁሉ ወረቀት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ያደገ ሕዝብ ከአዳራሽ አይወጣም።

ከደብረ ማርቆስ፦ ይኸው ሕዝብ እድሩ ላይ ሌላ ነው። የእኛ እድር ገንዘብ ያዥ ለራሱ ብድር ሲጠይቅ ደብተሩን ለጸሐፊው አስረክቦ ውጭ ይቆያል፤ ያስተማረው አዋጅ የለም።

ከደጀን፦ እድርተኛ የራሱ ብር ስለሆነ ይቆጣጠራል። የቀበሌ ተመራጭ ደመወዝ የለውም፤ ቀኑን ሙሉ በነፃ ይሰበሰባል፤ መጀመሪያ አበል ይከፈለው።

መልስ፦ የአበሉን ክርክር ለሌላ ጊዜ አቆዩልን። ስለ እድሩ የተነገረው ግን እውነት ነው፤ እኔም የምጠይቀው ያንኑ ልማድ ወደ ምክር ቤቱ እንድናስገባ ነው።

ከፋግታ ለኮማ፦ አንድ የወረዳ ምክር ቤት አባል ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዛፍ ችግኝ አፍልቶ ይሸጣል። ወረዳው ችግኝ ሊገዛ ነው።

መልስ፦ በጀቱ ሲጸድቅም ሆነ አፈጻጸሙ ሲገመገም አይቀመጥ፤ ጨረታውን ለሚያዘጋጁት ባለሙያዎችም ስልክ አይደውል። እናንተ አዊዎች ከምሥራቅና ከምዕራብ ጎጃም ዞኖች በተለየ የራሳችሁ የብሔረሰብ ምክር ቤት አላችሁ፤ ሰውየው የዚያም አባል ከሆነ በሁለቱም ያስታውቅ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ድምፅ ባይሰጥስ መቀመጥ አይችልም?

መልስ፦ ለቡሬው ጠያቂ መልሻለሁ፤ እባክዎ ከላይ ያንብቡ።

ከአማኑኤል፦ ስለ ሙስና በአጠቃላይ ምን ይላሉ?

መልስ፦ በአጠቃላይ የምለው የለኝም። የትኛው አጀንዳ? የማን ጥቅም? ያን ይዘው ይምጡ።

ከቢቸና፦ መምህር፣ እኔ አዲስ ተመራጭ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት የገበያ መደብ ድልድል ይቀርባል፤ የባለቤቴ ወንድም አመልክቷል። ብናገር ቤተ ዘመዱ ይቀየመኛል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል። ለዋርሳዎ ዛሬውኑ ይንገሩት፤ ከአዳራሹ የሚወጡት እሱን ለመቃወም ሳይሆን፣ መደቡን ቢያገኝ ማንም «በእሷ ነው» ብሎ እንዳይነጥቀው መሆኑን ያስረዱት። ከስብሰባው በፊት ለአፈ ጉባኤው በጽሑፍ ያስታውቁ፤ አጀንዳው ሲነበብም ቆመው ይድገሙት። ጸሐፊው የሚጽፈው ይህን ነው፦ «ወይዘሮ እገሊት በአጀንዳ 3 የባለቤታቸው ወንድም አመልካች መሆኑን አስታውቀው ከጧቱ 4፡20 ወጥተዋል፤ በውይይቱም ሆነ በድምፅ አሰጣጡ አልተሳተፉም፤ 5፡05 ተመልሰዋል።» ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ሲቀርብ ይህ መስመር ከሌለበት አይፈርሙ።