በጎርፉ ሌሊት የሆነውን የማላስታውስ ሰው ምን ብዬ ልናዘዝ?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ለእሑድ አጥቢያ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ የታናሽ እኅቴን እጅ ይዤ ከቤት ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የውኃውን ድምፅና የናፍጣ ሽታ ብቻ ነው። እጇን የለቀቅሁት እኔ ነኝ ወይስ ውኃው ነጠቀኝ? እስከ ዛሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ «ገድያታለሁ» ብዬ ልናዘዝ እነሣና የማላውቀውን እንዴት እናገራለሁ ብዬ እመለሳለሁ። ሲኖትራክ አሸዋ ሲያራግፍ ስሰማ ጉልበቴ ይከዳኛል። ዘንድሮ ለመታሰቢያዋ ካህኑ የክርስትና ስሟን ቢጠይቁኝ እንኳ ጠፋብኝ። ሐኪም መድኃኒት አዞልኛል፤ ጎረቤቶቼ ግን «መንፈስ ነው፣ መድኃኒቱን ትተሽ ጸበል ግቢ» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ሰው በእግሩ የሚሻገረው ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዝናቡ የሚጥለው በደንገጎ በኩል ካለው ደጋ ላይ ስለሆነ ውኃው የሚደርሰው ከተማው በተኛበት ነው። በዚያ ሌሊት ከ200 በላይ ሰዎች ያለቁት ዘመዶቻቸው ስላልወደዷቸው ወይም ስላልያዟቸው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥያቄዎ ስለ ማስታወስ ቢመስልም ከሥሩ ያለው ራስን መክሰስ ስለሆነ ነው።

ሰው በብርቱ ድንጋጤ ውስጥ ሳለ አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች በደሙ ውስጥ ይበዛሉ። አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል አደጋን የሚያስታውቀውን ድምፅና ሽታ አጥብቆ ያትማል፤ ሂፖካምፐስ የሚባለውና ነገሩ የትና መቼ እንደ ሆነ፣ ምን ከምን እንደ ቀደመ የሚያያይዘው ክፍል ግን በዚያው ጭንቀት ሥራው ይታወካል። ስለዚህ የናፍጣው ሽታ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይደበዝዝ ቆይቶ፣ እጅ ለእጅ የተለያያችሁበት ቅጽበት ግን ከመጀመሪያውም በቅጡ ሳይመዘገብ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቀንና ቦታ ያልተያያዘለት ድምፅ ደግሞ «ያለፈ» መሆኑን ሰውነት ስለማይለየው፣ አሸዋ ሲራገፍ ጉልበትዎ የሚከዳዎት እምነትዎ ስለ ደከመ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ እንዲጠነቀቁበት የምፈልገው ሌላ ነገር አለ። ትዝታ በሣጥን ተቆልፎ እንደ ተቀመጠ ልብስ አይደለም፤ ባወጣነው ቁጥር ጥቂት ተለውጦ ይመለሳል። ክፍት የቀረውን ቦታ ከሰው የሰማነው፣ በሕልም ያየነው፣ ከሁሉም በላይ ጸጸታችን ይሞላዋል። ለዓመታት «ለቅቄያት ይሆን?» እያሉ ሲያስቡ የኖሩ ሰው አንድ ቀን እጅዎ ሲከፈት የሚያሳይ ግልጽ ሥዕል በአሳብዎ ቢመጣ፣ ሥዕሉ ግልጽ በመሆኑ ብቻ እውነት ነው ማለት አይቻልም። እንዲህ ባለው ሥዕል ተመርተው «ገድያታለሁ» ብለው ቢናዘዙ በራስዎ ላይ የሐሰት ምስክር እንዳይሆኑ እፈራለሁ። «እስኪ አስታውሺ» እያለ የሚጎተጉትዎትም ሰው ቢኖር፣ ወዳጅዎ ቢሆን እንኳ፣ አይታዘዙት።

ታዲያ ምን ይናዘዙ? የሚያውቁትን፣ በሚያውቁት ልክ። «እጇን ይዤ ወጣሁ፤ እንዴት እንደ ተለያየን አላውቅም፤ ይህ አለማወቅ ያስጨንቀኛል» ይበሉ። ይህ ሙሉ ኑዛዜ ነው። ንስሐን የሚያጎድለው አውቆ መደበቅ እንጂ መርሳት አይደለም፤ መዝሙረኛውም በ18ኛው መዝሙር «ስሕተትን ማን ያስተውላታል? ከተሰወረ ኃጢአት አንጻኝ» ብሎ ያላወቀውን ለሚያውቀው ጌታ ሰጠ እንጂ ያላስታወሰውን ፈጥሮ አልተናገረም።

በየዕለቱ የሚያጋጥምዎ መርሳትም በመጽሐፍ ያለ ነው። በ101ኛው መዝሙር የሚጸልየው ችግረኛ ከመከራው ብዛት እህል መብላትን እንኳ እንደ ረሳ ይናገራል። ረጅም ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት የማስታወስን ኃይል ስለሚያደክሙ፣ ውዳሴ ማርያምን በቃልዎ መድገም ቢያቅትዎ መጽሐፉን ገልጠው ያንብቡ፤ እርሱም በከበደዎ ቀን መቁጠሪያዎን ይዘው 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይበሉ።

ስለ ጸበልና መድኃኒት ግን ዝም ብል በደለኛ እሆናለሁ። ጎረቤቶችዎ በፍቅር እንደ ተናገሩ አምናለሁ፤ ነገር ግን በዚህ ምክር ምክንያት መድኃኒታቸውን አቋርጠው የባሰባቸውን ሰዎች በዓይኔ ስላየሁ ልቤ ያዝናል። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር የተባለው እርሱንም እግዚአብሔር ስለ ፈጠረው ነው። ነቢዩ ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ተኛ፣ ቀስቅሶም ደግሞ አበላው፤ የእግዚአብሔር ድምፅ የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ይጠመቁ፣ ጸበሉንም ይጠጡ፣ መድኃኒቱንም ይዋጡ። በጾም ቀን ሰዓቱ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ሐኪሙንና የንስሐ አባትዎን ያማክሩ እንጂ በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ። መርሳትን የሚያመጣው ኀዘን ብቻ ስላልሆነ፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ስለሚያመጡት፣ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ስም እስከ መርሳት መድረስዎን ለሐኪሙ ይንገሩት።

የእኅትዎን የክርስትና ስም ክርስትና ያነሣቻትን እናት ወይም ሌላ የሚያውቅ ዘመድ ይጠይቁና በወረቀት ጽፈው በመዝሙረ ዳዊትዎ ውስጥ ያኑሩት። በሚመጣው ዓመት፣ የፍልሰታ ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ካህኑ ሲጠይቁዎ ወረቀቱን ይስጧቸው፤ ስሟን እርሳቸው አንብበው ይጠሩታል።