ጥያቄና መልስ፦ በካሜራ የተለካ ክራውን ይሻላል ወይ?

«የታች መንጋጋዬ የስር ህክምና ተደረገለት። አሁን ደግሞ ክራውን (ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ጥርስ) ካላደረግሽበት ይሰነጠቃል ተባልኩ። አንዱ ክሊኒክ ልኬቱን ሊጥ መሰል ነገር አስነክሶ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ሌላው በካሜራ አንስቶ በኮምፒውተር ነው የሚያሠራው፤ ዋጋውም ወደድ ይላል። ትርፉን ብር ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?» ከደሴ፣ ፒያሳ

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ሐኪሙ እጅ ጠይቂ፣ ስለ ማሽኑ ቀጥለሽ ትደርሺበታለሽ። ካሜራው የሚያነሳው የሚያየውን ብቻ ነው። ክራውኑ የሚያርፍበት የተሞረደው ጥርስ ጠርዝ በድድ ከተሸፈነ፣ ወይ ደምና ምራቅ ከሞላበት፣ ካሜራው (ስካነሩ) የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ጠርዙን አያገኘውም። ጠርዙ ካልተገኘ ደግሞ ቴክኒሻኑ ስክሪኑ ላይ በግምት ያሰምራል፤ ያቺ ግምት ነች በኋላ ክፍተት ሆና ምግብና ባክቴሪያ የምታስገባው።

አሠራሩን ልንገርሽ። ሐኪሙ ጥርስሽን ዙሪያውን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሞርደዋል። ከዚያ ስካነሩ የተሞረደውን፣ ከላይ የሚገጥመውን ጥርስና ንክሻሽን ያነሳል። ፋይሉ በኢንተርኔት ሰው ሠራሽ ጥርስ ወደሚሠራበት ላቦራቶሪ (ላብ) ይሄዳል። ቴክኒሻኑ ክራውኑን በኮምፒውተር ይነድፋል፣ ማሽኑ ከዚርኮኒያ (ነጭ የሴራሚክ ዓይነት) ዲስክ ይቀርጸዋል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ያለው፦ ዚርኮኒያው ሲቀረጽ እንደ ጠመኔ ለስላሳ ነው፣ መጠኑም ሆን ተብሎ ከ20 እስከ 25 በመቶ ከልኩ ተልቆ ይሠራል። ከዚያ 1500 ዲግሪ አካባቢ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ተኮማትሮ ወደ ትክክለኛ ልኩ ይመጣል፣ ይጠነክራልም። ምድጃው ሰዓታት ይፈጃል፤ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ሥራው ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ላቡ ጄኔሬተር አለው ወይ ብለሽ ብትጠይቂ ነገረኛ አያስብልሽም።

ነገሩ አዲስ ግኝትም አይደለም። ዙሪክ ውስጥ በኮምፒውተር የተቀረጸ የመጀመሪያው የጥርስ ሙሌት ለታካሚ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። በልኬት የሚሠራውም ቢሆን በደንብ ከተሠራ ይገጥማል፣ ግን ልኬቱ የምን እንደሆነ ጠይቂ። አልጂኔት የሚባለው ርካሹ ልኬት ውሃው ሲተን ስለሚኮማተር ወዲያው ጂፕሰም ሊፈስበት ይገባል። እሱን ጠቅልሎ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ አውቶቡስ ላይ መጫን ክራውኑን ገና ከመነሻው ማጣመም ነው። ሲሊኮን ከሆነ ግን መንገዱን ይችለዋል። የካሜራው ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፦ የሚጓጓዝ ነገር የለም፤ ጎዶሎ ካለ ገና ወንበሩ ላይ ሳለሽ ይታያል፣ እንደገና ይነሳል። ልኬት አፍሽ ሲገባ ወደ ላይ የሚልሽ ከሆነ ደግሞ ትርፉን ብር ክፈይና ተገላገይ።

የሚገጠምልሽ ቀን አትቸኩይ። በሲሚንቶ ከመለጠፉ በፊት የጥርስ ማጽጃ ክሩ በሁለቱም ጎን ትንሽ ጠበቅ ብሎ ይለፍ፣ ሐኪሙም ጠርዙን በቀጭኗ መፈተሻ መሣሪያው ይዳስሰው። ንክሻውን በባለ ቀለም ወረቀት ያስነክስሽ፤ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ቀለሙ ከደመቀ ከፍ ብሏል ማለት ነው። «ቀስ በቀስ ይለመዳል» ቢሉሽ አትስሚ፣ ይስተካከል በያቸው። በዚያ ጎንሽ ቆሎ ስትቆረጥሚ ታውቂዋለሽ።

«መሃል ላይ አንድ ጥርስ ጎድሎኛል። ሁለቱ ጎረቤቶቹ ጤነኞች ናቸው። በኮምፒውተር የሚሠራው ብሪጅ (ጎረቤት ጥርሶች ላይ ተደግፎ ክፍተቱን የሚሞላ ተያያዥ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ጥርስ ሳይሞርድ ይገባል ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው?» ከኮምቦልቻ

አይደለም ወንድሜ። ኮምፒውተሩ የሚቀይረው አሠራሩን ነው፣ መሞረዱን አይደለም። የተለመደው ባለ ሦስት ጥርስ ብሪጅ ሁለቱን ጤነኛ ጥርሶች ዙሪያቸውን አስሞርዶ ነው የሚቀመጥ። እኔ ባንተ ቦታ ብሆን መጀመሪያ ስለ ኢምፕላንት (አጥንቱ ውስጥ ስለሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) እጠይቃለሁ፤ አቅሜ ካልፈቀደ ወይ አጥንቱ ካልተመቸ ወደ ብሪጁ እመጣለሁ። ጎረቤቶቹ ትልቅ ሙሌት ያለባቸው ወይ ቀድሞውኑ ክራውን የሚፈልጉ ቢሆኑማ ሌላ ጉዳይ ነበር።

ብሪጁን ካደረግከው ዋናው ሥራ ያንተ ነው። ሦስቱ ጥርሶች አንድ ላይ የተያያዙ ስለሆኑ ክር ከላይ አይገባም። ከሥር የሚሾልክ ልዩ ክር ወይ ቀጭን ብሩሽ ያስፈልግሃል፣ በየቀኑ። ጫት የምትቅም ከሆነ ደግሞ ቅጠሉ ከመሃለኛው ጥርስ ሥር ተወትፎ ያድራል፤ ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው። ቴክኒሻኑ ለውበት ብሎ መገጣጠሚያዎቹን እንዳያቀጥናቸውም ንገር፣ ብሪጅ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው። ብሪጁ ረጅም፣ ብዙ ጥርስ የሚያካልል ሲሆን የስካነር ጥቃቅን ስህተቶች እየተደማመሩ ይሄዳሉ፤ ያንተው ግን አጭር ስለሆነ በዚህ አታስብ።

«የፊት ጥርሶቼ ጤነኞች ናቸው ግን ቢጫ ብለዋል። ስድስቱንም ነጭ ዚርኮኒያ ላስደርግባቸው?» ከደሴ

ኧረ ተዪ! የተሞረደ ኢናሜል (የጥርስ ጠንካራው የላይኛው ሽፋን) ተመልሶ አይበቅልም። መጀመሪያ ክሊኒክ ሄደሽ ጥርስሽን ታጠቢው፤ የቡናና የሻይ ቀለም አብዛኛው እዚያው ይለቃል። ካልበቃሽ ሐኪም እያየሽ ማንጣት አለ። ሞረዱን የምታነሺው ጥርሱ ሲሰበር ወይ ክፉኛ ሲበሰብስ ነው።